«ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ውጊያቸው» ሲሉኝ እምቢ ማለት አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከሃይስኩል ጀምሮ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ጋውን ለብሼ ከታየሁበት ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ «ሲስተር» ሆኗል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። የአንዲት ጎረቤታችንን ልጅ ጉሮሮ በስልኬ መብራት አየሁና «አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ግዢለት» አልኳት። መድኃኒት ቤቱም ማዘዣ ሳይጠይቅ ሸጠላት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ኳስ ሲያባርር ታየ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በራችን አይዘጋም። አንዱ ሳል ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ተቅማጥ፣ አንዱ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የተባለበትን ወረቀት። እናቴ ትኮራብኛለች። እኔ ራሴም በፈተና ሰሞን ጉንፋን ሲይዘኝ አሞክሳሲሊን ሦስት ፍሬ ዋጥኩና ሲሻለኝ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ስለ አንቲባዮቲክ መላመድ የመጣውን ጥያቄ አንድም ሳልስት ሠራሁ።

ባለፈው ወር ለፕራክቲስ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመደብን። ገና ስም ያልወጣለት አንድ ወንድ ልጅ ነበር። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ውጤቱ ሲመጣ «ክሌብሲየላ» የሚባል ባክቴሪያ ነው ይላል። ከመድኃኒቶቹ ስም ጎን ደግሞ አር፣ አር፣ አር (ጀርሙ ተላምዶታል ማለት ነው) እያለ እስከ ታች ይወርዳል። አባትየው «ይሄ ይሠራ ይሆናል» የተባለውን አንድ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ዋለ። ይዞ ሲመጣ ልጁ አልፏል። ፌስታሉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ መጡ። እኚህ ሴት ለእኔ እናት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ብርድ ልብሴንም ጋውኔንም የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ «የሳንባ ምች ነው» ተብለው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ከሆስፒታሉ ውጭ ገዝተው ካስገቡት ሴፍትሪያክሶን የሚባል የአንቲባዮቲክ መርፌ ሁለት ቫያል (ብልቃጥ) ተርፎ ኖሮ፣ በመሀረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ሳሉ ከፋሲካ ወዲህ አልለቀቃቸውም፤ አንቺ ውጊያቸው፣ ገንዘብ የወጣበት ነው» አሉኝ። ጋሼም ከኋላቸው ቆመው፣ ቀበቶአቸው ላይ በምስማር የበሱትን አዲስ ቀዳዳ እያሳዩኝ «ሸንቃጣ ጎረምሳ ሆንኩልሽ» ብለው ቀለዱ። «ፈተና አለብኝ፣ እመጣለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ። አሁን ቤቴ የምገባው በጓሮ ነው።

ያንን ሕፃን የገደልነው እኔና እኔን የመሰሉ ነን? እትዬን እንዴት እምቢ እላለሁ? ለአስተማሪዬ ብናገርስ ከትምህርት ያባርሩኝ ይሆን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሲስተር ያልሆነችው «ሲስተር»፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንዳንቺው ልቤ ሕፃኑ ጋ ቀረ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ ጋሼ ቀበቶ ላይ ተተከለ። ስለ ሕፃኑም ስለ ይሉኝታውም እንጫወታለን። የቀበቶው ነገር ግን አያድርም፤ ከእሱ ልጀምር።

እስቲ አብረን እንየው። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሳሉ አለቀቃቸውም። ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል። ሆስፒታል ተኝተው ሴፍትሪያክሶን ወስደው ወጡ፣ አሁንም ያስላሉ። ይህን ታሪክ ፈተና ላይ ቢያመጡልሽ ጥያቄውን አንብበሽ ሳትጨርሺ መልሱ ይመጣልሽ ነበር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ አክታ ይመርመር። ክብደት መቀነስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሱን። ቲቢ ነው አላልኩሽም። እኔ እዚህ ተቀምጬ ላውቅ አልችልም። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር የሚታለፍ ግን አይደለም። ሴፍትሪያክሶን የቲቢን ጀርም አይገድልም። ሁለቱን ቫያል ብትወጊያቸው ምናልባት «ሻል አለኝ» ይሉና ሌላ ወር ይጠብቃሉ። የምፈራው እሱን ነው።

ሐኪሙ ቀበቶውን አላየም። አንቺ አይተሻል። ጎረቤት መሆንሽ ከመርፌው የሚበልጥ ነገር በእጅሽ ሰጥቶሻል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሂጂ። ነገ አትበዪ። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ጠይቂና እይው። አክታ ተመርምሮ ነበር? ራጅ ተነስተው ነበር? ማታ ማታ ያልባቸዋል? ከአክታቸው ጋር ደም አይተው ያውቃሉ? የሚውጡት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከነበረ ጨርሰውታል? ጠዋት ደግሞ አብረሻቸው ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ይህን መጀመሪያ ንገሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚያንገራግረው ለገንዘቡ ነው። ቤቱ ውስጥ ስትቀመጪ መስኮቱን ክፈቺ። የልጅ ልጆች እዚያ የሚያድሩ ከሆነ ውጤቱ ሲመጣ እነሱም መታየት ሊኖርባቸው ይችላል።

አሁን ወደ እትዬ። አንቺ የታየሽ ሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ መውጋት፣ ወይ በጓሮ መግባት። እኔ ብዙ ጊዜ እንዳየሁት «እምቢ» የሚከብደን ባዶ እጃችንን ስለምንለው ነው። የብርድ ልብስ ውለታ ያለበትን ሰው «ሕጉ አይፈቅድም» ብለሽ ብትመልሺው፣ ትክክል ብትሆኚም ያስቀይማል። አንድ ነገር ይዘሽ ሂጂ። እንዲህ ብትያቸውስ? «እትዬ፣ መርፌውን አልወጋም። ጋሼን ሐኪም ቤት የምወስዳቸው ግን እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እንዲዘጋጁ።» ከዚያ ዝም በይ። ሰበብ አትደርድሪ። ስለ መድኃኒት መላመድ ሌክቸር አትስጪ። ሁለት ሳምንት ስለጠፋሽው ከጠየቁሽም እውነቱን ንገሪያቸው፤ «አፍሬ ነው» ማለት ይበቃል። እንደ እናት የሆኑልሽ ሰው ይህን አይረዱም ብለሽ ነው?

ለምን እንደማትወጊ ግን አንቺ ራስሽ አጥብቀሽ ማወቅ አለብሽ፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቫያል ይዞ ይመጣል። ሴፍትሪያክሶን አልፎ አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው የሚጥል አለርጂ ያስነሳል። ዋርድ ውስጥ ቢሆን አድሬናሊን አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ የሚጮህለት ሰው አለ። እትዬ ሳሎን ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ፈቃድ የሌለሽ ተማሪ። ጋሼ በአንቺ እጅ ቢወድቁ ያ ውለታ ምን ይሆናል? ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል አሞክሳሲሊንን በቀላሉ እንዲገኙ ከሚፈለጉት ጋር መደበው። ሴፍትሪያክሶንን ግን ጀርሞች እንዳይላመዱት በዓይን መከታተል ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው ያስገባው። በእኛ አገር ደግሞ እንደ ውኃ የሚወጋ መድኃኒት ሆኗል።

ቫያሎቹን «ይጣሉ» አትበያቸው። ገንዘባቸው ነው፣ ያማል። «ነገ ስንሄድ ፋርማሲው ምን እንደሚደረግ ይንገረን» በያቸውና መሀረቡን እንደ ቋጠሩት ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ስለ ሕፃኑ እናውራ።

አልገደልሽውም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ክሌብሲየላ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው እዚያው ነው። እጅ ላይ፣ ቧንቧ ላይ፣ መምጠጫ ማሽን ላይ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ላይ። በዓመታት ውስጥ ብዙ ዓይነት መድኃኒት አይቷል፣ ያልገደለውን ሁሉ ተምሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ያንን ሁሉ አንቺ ትከሻ ላይ ልትጭኚው አትችይም።

ግን «ምንም አላደረግሽም» ብዬም አላታልልሽም። ጠይቀሽኛልና። አንድ ልጅ ለማያስፈልገው ነገር አሞክሳሲሊን ሲጠጣ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ብቻ አይቆምም፣ አንጀቱ ውስጥ ያሉትንም ያገኛል። የሚሞቱት ይሞታሉ። የቻሉት ይቀራሉ፣ ይራባሉ፣ ከቤተሰቡም ጋር ይጋራሉ። ያ ልጅ የዛሬ ዓመት በእውነት ሲታመም ሽሮፑ ላይሠራለት ይችላል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። «ይሄ መድኃኒት አይሠራልኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል» ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም? የለመደው ሰውነት ከመሰለን ጉዳዩ የእኔ ብቻ ይሆናል። «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ ግን አልለመደችውም፣ ለእሷ ይሠራል» እንላለን። የለመደው ጀርሙ ነው። ጀርሙ ደግሞ የእኔና የአንቺ አይልም፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ሰፈር ውስጥ ማስተካከል ብትችይ ከፖስተር ሁሉ የበለጠ ሠራሽ እላለሁ። ቡና ላይ፣ በወሬ መሀል፣ «ሰውነትሽ አይደለም እኮ የለመደው» ብሎ ጣል ማድረግ።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ኖቤሉን ሲቀበል ያወራው ምሳሌ ሁሌም አንቺን የመሰሉ ተማሪዎችን ያስታውሰኛል። አቶ እከሌ ጉሮሮውን ያመዋል። ፔኒሲሊን ገዝቶ ይወስዳል፣ ጀርሞቹን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማስተማር ግን የሚበቃ። ከዚያ ሚስቱን ያስይዛታል። እሷ ሳንባ ምች ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን ይሰጧታል፣ አይሠራም፣ ትሞታለች። ፍሌሚንግ መድኃኒቱ ገና ለገበያ ሲወጣ ነው ይህን የተናገረው። (በነገራችን ላይ፣ ጉሮሮ የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ፍሌሚንግ ምሳሌውን እንጂ ነገሩን አልሳተም፤ ሌሎቹ ጀርሞች አሳምረው ተማሩ።)

መሳቢያሽ ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች እንግዲህ ታውቂያቸዋለሽ። አንቺ የጸጸተሽ ማቋረጥሽ ይመስለኛል፣ «ጀምረሽ ጨርሺ» ስለተባልሽ። እኔ ግን ስህተቱ መጀመሩ ላይ ነበር እላለሁ። ጉንፋን ቫይረስ ነው። ሦስት ፍሬም ብትውጪ ሃያ አንድ ያው ነው። ስንት ቀን መወሰድ እንዳለበትም የአሁኖቹ ጥናቶች ለብዙ ሕመም ቀኑን ወደ ማሳጠር እየሄዱ ነው፣ ስለዚህ ቀኑን የሚቆርጠው ያዘዘው ሐኪም ነው። ቲቢ ላይ ግን ቀልድ የለም። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ አንድም ቀን አይቀነስለትም። ለመሆኑ ቀሪዎቹን ለምን አስቀመጥሻቸው? «ለክፉ ቀን» ብለሽ አይደል? ክፉው ቀን ሲመጣ እነሱ የሚሆኑት መድኃኒት ላይሆኑ ይችላሉ። ከቫያሎቹ ጋር ይሂዱ።

ማታ ማታ ስለሚመጡት ሰዎች ደግሞ፣ በሩን ዝጊ አልልሽም። እናትሽም ታዝናለች፣ ሰዎቹም ሌላ የባሰ ቦታ ይሄዳሉ። የምትሰጪያቸውን ነገር ቀይሪ። አሁን የምትሰጪው የመድኃኒት ስም ነው። እሱን ባለ ሱቁም ያውቀዋል። አንቺ ብቻ የምትችይው ማየት ነው።

የሚያስል ልጅ ይዘው ሲመጡ ሸሚዙን ከፍ አድርጊ። እናቱ ጭን ላይ ይረጋ፣ እያለቀሰ አይቆጠርም። ስልክሽ ላይ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይዘሽ ደረቱ ስንቴ እንደሚነሳ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት የለም። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ 50 ከሞላ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 ከሞላ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እዚያ የሚሰጡት ያው አሞክሳሲሊን ሊሆን ይችላል፣ የዚያን ጊዜ ግን ሕይወት ያተርፋል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የያዘውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ከሆነ ወሬም አያስፈልግም፣ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ከሁለት ወር በታች ሆኖ ያተኮሰው ሁሉ እንደዚያው። ትንፋሹ ደህና ከሆነ፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚጫወት ልጅ ከሆነ ደግሞ «ቆጥሬዋለሁ፣ ደህና ነው፤ ነገ ጠዋት እንደገና አምጪልኝ» ማለት ትችያለሽ። እናት የምትፈልገው ብዙ ጊዜ ይቺን ነው፤ አንድ ሰው በደንብ ማየቱን።

ተቅማጥ ከሆነ ኦአርኤስና ዚንክ፣ ደም ካለው ጤና ጣቢያ። ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ ግን እንዲሁ «ቫይረስ ነው» ተብሎ አይመለስ። አብዛኛው ቫይረስ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ ሳይታከም ሲቀር የሚያመጣውን የልብ ሕመም ዋርድ ላይ ታዪዋለሽ፣ ገና በአሥራ ምናምን ዓመታቸው ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ልጆች። ስለዚህ ይታይ፣ ግን በስልክ መብራት አይሁን። የታይፎይድና የታይፈሱ ወረቀት... ኧረ ተይኝ። ያ ምርመራ የድሮውንም የሌላውንም ሕመም እየቀላቀለ «ፖዘቲቭ» ይላል። ሰውየውን ወደ ሐኪም መልሺው፣ ወረቀቱን አንቺ አትተርጉሚ።

ይህን ሁሉ ስነግርሽ ከላይ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሥራ በጀመርኩበት ጤና ጣቢያ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይደርስ ነበር። ሁለት ሰዓት ተጉዘው የመጡ እናቶች ባዶ እጃቸውን መመለስ አይፈልጉም፣ እኔም ማስረዳቱ ይደክመኝ ነበር። መቁጠር አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሽሮፕ መስጠት አሥር ሴኮንድ። የቱን እንደመረጥኩ ገብቶሻል። ለዓመታት። ማንም አልተቆጣኝም፣ ሁላችንም እንደዚያው ነበርና።

ይህን ያነሳሁት ስለ አስተማሪሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። ታባረሪያለሽ አትባረሪም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ግን በኑዛዜ መጀመር ያለብሽ አይመስለኝም። ከአስተማሪዎችሽ መሀል ሲሳሳቱ «ተሳስቻለሁ» ማለት የሚችል ማን አለ? እሱን ወይም እሷን ምረጪ። ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «ሰፈር ውስጥ መድኃኒት እንድናዝ ይጠይቁናል፣ ምን እንበል?» በይ። ክፍልሽ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ተማሪ ካለ ይገርመኛል። የሕፃኑን ታሪክም፣ ስሙም ማንነቱም ሳይነሳ፣ እንደ ኬዝ ለማቅረብ ጠይቂ። ካልቸሩ መቼ ተወሰደ? ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ነው በኋላ? ውጤቱ ስንት ቀን ፈጀ? ይህን ፈልገሽ ስታቀርቢ አንቺም ከሌሊቱ ሐሳብ ትንሽ ታርፊያለሽ።

እንዲያውም ችግሩ የተማሪ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ለተኙ ሕሙማን ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች ግማሽ ያህሉ አላስፈላጊ ሆነው እንዳገኛቸው ጽፏል። ተማሪ ከመጽሐፉ አንድ ነገር ያነባል፣ ዋርድ ላይ ሌላ ያያል። እጁ የሚለምደው ያየውን ነው። አንቺ ደግሞ አታዢም፣ ግን ዶዙን በሰዓቱ የምትሰጪው፣ የጠዋቱ 12 ሰዓት ሁለት ሰዓት እንዳይሆን የምታደርጊው፣ ከአንዱ ሕፃን አልጋ ወደ ሌላው የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ያንን ክፍል ስታስቢ የሚረብሽሽ ነገር አንድ ቦታ እንዲያርፍ ከፈለግሽ እጅሽ ላይ ይረፍ። ከእያንዳንዱ ሕፃን በፊትም በኋላም አልኮሉን እሺው፣ የቸኮለች ሲኒየር ብትስቅብሽም።

በይ አሁን ስልኩን አስቀምጪና ተነሺ። በጓሮ አይሁን፣ በዋናው በር ግቢ። የጋሼ የአክታ ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ፣ ቲቢ ሆነም አልሆነም። ለእትዬም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።